«ፕሮሰስ ላይ ነኝ»፦ ለሠለጠነ ስደተኛ ቪዛ፣ ዕውቅና፣ ፈቃድና ሥራ ለምን ለየቅል ሆኑ?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የተማረ ወጣት በተሰበሰበበት ሁሉ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ቃሉ ብዙ ነገር ይሸፍናል። አንዱ ፓስፖርት ማውጣቱን፣ ሌላው ለእንግሊዝኛ ፈተና መመዝገቡን፣ ሦስተኛው ለደላላ ቀብድ መክፈሉን በዚሁ ቃል ይናገራል። ከቃሉ ጀርባ ደግሞ ሁለት ተቃራኒ እምነቶች አሉ። አንዱ «አገሩ ይገባ እንጂ ለባለሙያ ሥራ ሞልቷል» ይላል። ሌላው «የእኛ ዲግሪ ከቦሌ ካለፈ ወረቀት ነው፤ ዶክተሩም ታክሲ ይነዳል» ይላል። ሁለቱም የሚጠቅሱት እውነተኛ ሰው አያጡም። ካናዳ ነርስ ትፈልጋለች መባሉ እውነት ነው፤ ካናዳ የገባች ነርስ ዓመትና ሁለት ዓመት አረጋውያን ስትንከባከብ መቆየቷም እውነት ነው።

ሁለቱ አብረው እውነት የሚሆኑት እንዴት ነው? ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የካናዳና የብሪታንያ የስደተኛ ደንብ ተከታትሎ መጥበቁ ግራ መጋባቱን አባብሶታል። መልሱ ያለው ግን ከደንቡ ጥብቀት በፊት፣ «ፕሮሰስ» የሚለው አንድ ቃል በውስጡ በያዛቸው የተለያዩ ጉዳዮች ላይ ነው።

አራት በር፣ አራት ባለቤት

ከሩቅ አንድ መንገድ የሚመስለው ነገር አራት በሮች አሉት። ቪዛ የሚሰጠው መንግሥት ነው። የትምህርት ማስረጃን ከአገሩ ደረጃ ጋር የሚያመዛዝነው ገምጋሚ ድርጅት ነው። በሙያው ለመሥራት የሚያስፈልገውን ፈቃድ፣ ላይሰንስ የሚባለውን፣ የሚሰጠው የሙያው ተቆጣጣሪ አካል ነው። ውል የሚፈርመው ደግሞ አሠሪው ነው። አንዱ «አዎ» ማለቱ ሌላውን አያስገድደውም።

ካናዳን እንይ። ኤክስፕረስ ኢንትሪ ማለት የሠለጠኑ ሰዎችን በነጥብ አወዳድሮ ቋሚ ነዋሪነት የሚሰጥ የማመልከቻ ሥርዓት ነው። በዋናው የሠለጠነ ሠራተኛ ዘርፍ ለማመልከት ከ100 ነጥብ ቢያንስ 67 ያስፈልጋል፤ አይኢኤልቲኤስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ጀነራል ዘርፍ ደግሞ በማዳመጥ፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር በእያንዳንዱ ቢያንስ 6.0። 67 ነጥብ ያገኘ ሰው ግን የገባው ወረፋ ውስጥ ነው፤ ተመረጠ ማለት አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ እስከ 1,200 በሚደርስ ሌላ ስሌት ከሌሎች ጋር ይወዳደራል።

እዚህ መሐል ኢሲኤ የሚባል የትምህርት ግምገማ ሪፖርት አለ። ከሚያዘጋጁት ድርጅቶች የታወቀው ደብሊውኢኤስ ነው። ሪፖርቱ «ይህ ዲግሪ ከካናዳ የመጀመሪያ ዲግሪ ጋር ይመጣጠናል» ካለ ብዙ ሰው ዲግሪዬ ጸደቀ ብሎ ይደሰታል። ወረቀቱ ግን ለስደት ነጥብ ማስሊያ የወጣ ነው፤ የነርሶችን ወይም የመሐንዲሶችን ፈቃድ ሰጪ አካል አይመለከትም። በካናዳ ከአምስት ሥራ አንዱ ገደማ ያለ ፈቃድ የማይሠራ ቁጥጥር ያለበት ሙያ ነው። የነርሷ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት በር አልፋ አገሩ ገብታለች፣ ሦስተኛው ግን ገና አልተነካም።

ጀርመን ቅደም ተከተሉን ገልብጣዋለች። ቁጥጥር ባለባቸው ሙያዎች ዕውቅናው ከቪዛው ይቀድማል፤ ቢያንስ አብሮት ይሄዳል። የነርስ ማስረጃ ሲገመገም ከጀርመኑ ሥልጠና የጎደለው ተዘርዝሮ ውሳኔ ይሰጣል፤ የጎደለው በማሟያ ሥልጠና ወይም በዕውቀት ፈተና ይሞላል። ሙሉ ፈቃድ ለማግኘት በተለምዶ ቢ2 ደረጃ ጀርመንኛ ይጠየቃል። ጀርመን ለመድረስ ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈጅ መንገድ ነው፤ በሩ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ግን እዚያ ከተደረሰ በኋላ ይጠፋ የነበረው ነው። ጀርመንኛ መማር የሚጠላ ሰው ይህን ስሌት ባይወደውም፣ ስሌቱ ትክክል ነው።

አሜሪካ በዲቪ የገቡት ዘንድ ደግሞ ክፍተቱ ከሁሉም ይሰፋል። ዲቪ የጠየቀው የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ወይም ሥልጠና በሚፈልግ ሥራ የ2 ዓመት ልምድ ብቻ ነበር። ሐኪሙም 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀውም ኤርፖርት ላይ እኩል ናቸው፤ ቪዛው የማንኛቸውንም ሙያ አልመረመረም።

ሙያ ከሙያ ይለያል

ነርስ ከተፈላጊዎቹ ሁሉ ግልጽ መንገድ ያላት ናት፤ ግልጽ ማለት ግን አጭር ማለት አይደለም። አሜሪካና ካናዳ ኤንክሌክስ የሚባል የኮምፒውተር ፈተና ይሰጣሉ። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ እስከ 5 ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን ተፈታኙ በመለሰ ቁጥር የጥያቄው ክብደት ይለዋወጣል። ጥያቄው የመድኃኒቱን ስም አስታውስ አይልም። አራት ታካሚ ዘርዝሮ «መጀመሪያ ወደየትኛው ትሄጃለሽ?» ይላል። በሽምደዳ ያለፈ ተማሪ የሚቸገረው በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በዚህ የአጠያየቅ ልዩነት ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ማስታወሻ ማንበብ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ የጥያቄ ባንክ፣ ማለትም የመለማመጃ ጥያቄዎች ስብስብ፣ በየቀኑ መሥራትና የተሳሳተው መልስ ለምን እንደተሳሳተ መመርመር ያስፈልጋል። ብሪታንያ መጀመሪያ የኮምፒውተር ፈተና፣ ቀጥሎም እዚያው አገር በ10 ጣቢያ የሚከፋፈል የተግባር ፈተና ትሰጣለች። በአይኢኤልቲኤስም በሦስቱ ክህሎት 7.0፣ በመጻፍ 6.5 ትጠይቃለች። ለካናዳ ቪዛ የበቃ 6.0 ለዚህ አይበቃም። በደረጃ 4 ዲፕሎማ የተመረቀች ነርስ ደግሞ በዲግሪ ከተመረቀችው እኩል እንደማትመዘን አስቀድማ ብታውቀው ይሻላል።

ወሎ የለመደው መስመር የገልፍ አገራት ናቸው። በዚያም ለጤና ባለሙያ ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ ዳታፍሎ በሚባለው ድርጅት በኩል የማስረጃው እውነተኛነት ከሰጪው ተቋም በቀጥታ ተጠይቆ ይረጋገጣል፣ በፕሮሜትሪክ ማዕከል ደግሞ ፈተና ይሰጣል። ከምዕራቡ ይልቅ ጊዜው ያጥራል። ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየው ትምህርት ቤቱ ወይም የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ለተላከለት የማረጋገጫ ጥያቄ አለመመለሱ ነው። ጠያቂው ኢሜይል ይልካል፤ ኢሜይሉን የሚከፍት ሰው ከሌለ ፋይሉ «ማረጋገጥ አልተቻለም» ተብሎ ይዘጋል። ከማመልከት በፊት የትኛው ቢሮ፣ በየትኛው አድራሻ እንደሚመልስ በአካል ሄዶ ማረጋገጥ ወራት ያተርፋል።

ለሐኪም መንገዱ ከሁሉም ይረዝማል። አሜሪካ ሁለት ከባድ ፈተና ያለፈ ሰው ለስፔሻሊቲ ሥልጠና ቦታ ተወዳድሮ ገብቶ ቢያንስ 3 ዓመት ይሠለጥናል። ደሴ ላይ አሥር ዓመት ታካሚ ያየ ጠቅላላ ሐኪም እዚያ ጀማሪ ሠልጣኝ ነው። ከተመረቀ በቆየ ቁጥርም ብዙ የሥልጠና ፕሮግራሞች ፊት ይነሱታል። የፋርማሲ ባለሙያም አንድ ነጥብ ልብ ይበል፦ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ከተመረቁት ቢያንስ የ5 ዓመት ፕሮግራም ትጠይቃለች። በ4 ዓመት የተመረቀ ሰው የማመልከቻ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ይህን ማጣራት አለበት።

በኮምቦልቻ ልዩ ትኩረት የሚፈልገው የጨርቃ ጨርቅና የጋርመንት መሐንዲስ ነው። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱም በዘርፉ ያስተምራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስታስወጣ ለውጭ ገበያ የሚሠሩ ፓርኮች ተጎዱ፤ ዘርፉ ውስጥ ያለ ወጣትም ዓይኑን ወደ ውጭ አዞረ። ችግሩ ዲግሪው አለመታወቁ አይደለም። ካናዳና ምዕራብ አውሮፓ ውስጥ የልብስ ፋብሪካው ራሱ አብዛኛው ወደ እስያ ሄዷል። ገምጋሚው ዲግሪውን ቢያጸድቀውም አራተኛው በር ላይ አሠሪ የለም። የሚያዋጣው ከምርቱ ይልቅ የሥራውን ዓይነት መሸጥ ነው። የመስፊያ መስመር ላይ ለእያንዳንዱ ኦፕሬሽን ሰከንድ ለክቶ ሠራተኛ የመደበ፣ የጥራት ጉድለት በየቀኑ መዝግቦ ምክንያቱን ያሳደደ ሰው የምርት ዕቅድና የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ ነው። የምግብ ፋብሪካም የመኪና ዕቃ ፋብሪካም ይህን ሰው ይቀጥራል። ሲቪው ላይ «ጋርመንት» የሚለው ቃል ብቻ ካለ ግን አያየውም።

ሒሳብ ሠራተኛ ዘንድ የሙያው ግማሽ ይሻገራል፣ ግማሹ ይቀራል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን ስለተቀበለች፣ በእነዚህ የሠራ ሰው ብሪታንያ፣ ካናዳና ገልፍ ላይ ባዕድ አይሆንም፤ አሜሪካ ግን የራሷ ደረጃ አላት። የኢትዮጵያ የግብር ሕግ ዕውቀት እዚህ ይቀራል። ትንሽ የሚመስል ነገር ልጨምር፦ እኛ ዘንድ እስከ ዛሬ ፒችትሪ የምንለው የሒሳብ ሶፍትዌር ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሲቪ ላይ በአዲሱ ስሙ መጻፍ ያስፈልጋል።

በያጅ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ዕድል አለው፤ እጁን የሚጠይቀው ከወረቀቱ በላይ ነው። ፋብሪካው ላሜራ ይሰጠዋል፣ ይበይዳል፣ ከብየዳው ቁራጭ ተቆርጦ በማሽን እስኪታጠፍ ድረስ ይጎበጣል። በአሜሪካው የብረት ግንባታ ደረጃ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ከታየ ወደቀ። እኛ አገር የበርና የመስኮት ብየዳ በአብዛኛው 6013 በሚባለው ኤሌክትሮድ ይሠራል፤ ይህ በቀላሉ የሚለኮስና ስህተት የሚሸፍን ነው። ፈተናው የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ በ7018 ነው። 7018 እርጥበት ከነካው ብየዳው ውስጥ አየር ይቋጥራል፤ ስለዚህ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቀት ማቆያ ምድጃ ውስጥ ይቀመጣል። ባለሙያው የሚወድቅባቸው ቦታዎችም የታወቁ ናቸው፦ ሥሩ ላይ ብረቱ ሳይዋሃድ መቅረቱ፣ በንብርብሮች መሐል ቅርፊቱ ሳይጠረግ መበየዱ፣ ኤሌክትሮድ ሲቀየር ማቆሚያውና መጀመሪያው አለመገጣጠሙ። በ7018 ወደ ላይ የሚወጣ ብየዳና የጣሪያ ብየዳ ለሦስት ወር የተለማመደ ሰው ያለ ዲግሪ ከብዙ ባለዲግሪ በፊት ሥራ ሊይዝ ይችላል። ሰርቲፊኬቱም ዘላለማዊ አይደለም፤ በካናዳ የብየዳ ብቃት ማረጋገጫ በ2 ዓመት ይታደሳል። ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በአንጻሩ ከ220 ቮልት ወደ 120 ቮልት ብቻ ሳይሆን ወደ ሌላ የመስመር ዝርጋታ ደንብ ይሻገራል፤ ስለዚህ እንደ በያጁ ወዲያው አይፈተንም። የጂቡቲ መስመር ተሳቢ ሾፌርም ቢሆን ኦንታሪዮ ላይ ቢያንስ የ103.5 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ ነው ለፈተና የሚቀርበው።

ደንቡ ሲጠብቅ የደላላው ወሬ አይለወጥም

ካናዳ እ.ኤ.አ. ለ2025 ያቀደችውን የ500,000 አዲስ ቋሚ ነዋሪ ቁጥር ወደ 395,000 ዝቅ አድርጋለች። ከመጋቢት 25 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ በኤክስፕረስ ኢንትሪ ያስገኝ የነበረው ተጨማሪ ነጥብ ቀርቷል። የዚህ ትርጉም ተግባራዊ ነው፤ «ጆብ ኦፈር ገዝቼልህ ነጥብህን ከፍ አደርገዋለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ ለነጥብ ዋጋ የለውም። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ከውጭ አዲስ የአረጋውያን ተንከባካቢ መቅጠርን ዘግታለች። «ኬር ቪዛ ወደ ለንደን» የሚል ማስታወቂያ ከዚህ ቀን በኋላ ከወጣ ገንዘብ የሚያሳጣ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙም አይወራም። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸውን 55 አገራት የያዘ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2023 ሲያወጣ ኢትዮጵያ በውስጡ ነበረች። ብሪታንያ በዚህ ዝርዝር ካሉ አገራት ሄዶ መመልመልን ከልክላለች። ግለሰብ በራሱ ማመልከት ግን ይችላል። ስለዚህ ራሷ ያመለከተች ነርስ ሕጋዊ ናት፤ «የእንግሊዝ ሆስፒታል ወክሎኝ ደሴ ላይ እመለምላለሁ» የሚል ሰው ግን ሊጠረጠር ይገባል። ደንቡ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ያከራክራል። አንዱ ወገን የደሃ አገር ሆስፒታል እንዳይራቆት ይከላከላል ይላል። ሌላው ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ምሩቅ ባለበት አገር በሩን መዝጋት ባለሙያውን ብቻ ይቀጣል ይላል። ሁለተኛው መከራከሪያ እኛ ዘንድ ክብደት አለው፤ ተመርቀው ምደባ የሚጠብቁ የጤና ባለሙያዎች በከተሞቻችን ይታያሉና።

በሕጋዊ ኤጀንሲ ወደ ገልፍ ለሚሄድ ሰው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪውን ከፋፍሎታል። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያ የአሠሪው ነው። የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ሲኦሲ የሚባለው፣ የሠራተኛው ነው። «የቪዛ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ይህን መስመር አልፏል።

የመጀመሪያው ሥራ ድልድይ ወይስ ጉድጓድ?

አዲስ ገብ ባለሙያ ኪራይ ለመክፈል ብሎ የሚይዘው ከሙያው ውጭ የሆነ ሥራ በዲያስፖራው ቋንቋ ሰርቫይቫል ጆብ ይባላል። የሚበዛው ሰው «የተገኘውን ያዝ፣ ሙያው ይደርሳል» ይላል። ተቃዋሚው «አንዴ መጋዘን የገባ አይወጣም» ይላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የሥራው ክብር አይደለም። ለውጥ የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሥራው የሚተወው ጊዜና የሚሰጠው ምስክር።

ነርስ አሜሪካ ገብታ የነርስ ረዳት ብትሆን የፌዴራል ዝቅተኛው የሥልጠና መስፈርት 75 ሰዓት ነው። በሳምንታት ውስጥ ሥራ ትጀምራለች፣ የሆስፒታሉን እንግሊዝኛ ትለምዳለች፣ ኋላ ምስክር የሚሆናት አለቃ ታገኛለች። ክፍያው ከመጋዘን ሊያንስ ይችላል፤ ወደ ፈቃዱ ግን ያስጠጋታል። ያው ሥራ ጉድጓድ የሚሆነው ትርፍ ሰዓቱ ሲጥም ነው። 12 ሰዓት በእግሯ የቆመች ሴት ማታ የጥያቄ ባንክ አትከፍትም። በጽሑፍ የተያዘ የፈተና ቀን የሌለው ሰው ዓመት ሳያውቀው ያልፈዋል። አንዳንድ ፈቃድ ሰጪዎች ደግሞ በቅርብ ዓመታት ውስጥ በሙያው መሥራትን ስለሚጠይቁ፣ የቆየ ሰው ተጨማሪ ሥልጠና ይታዘዝበታል። ነርስ ፈቃዷን ለመያዝ ከ1 እስከ 3 ዓመት፣ ሐኪም ከዚያ በእጅጉ የበለጠ ጊዜ ብታስብ ዕቅዷ ከእውነታው አይርቅም።

የትርፍ ሰዓቱን ጥም የሚያበረታው ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚሄደው ስልክ ነው። ቤተሰብ መሬት ሸጦ፣ ዕቁብ አውጥቶ ልኳል፤ በሦስተኛው ወር «ምነው ዝም አለ?» ማለቱ ከክፋት አይደለም። ነገር ግን ስሌቱን እንየው። በካናዳው ዋና ዘርፍ አንድ ነጠላ አመልካች ከ15,000 የካናዳ ዶላር በላይ ማሳየት አለበት፤ መንግሥት ይህን የሚጠይቀው የመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ደመወዝ ሊያልፉ እንደሚችሉ ስለሚያውቅ ነው። ብሩም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ሲተመን አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል፤ የፈተናና የግምገማ ክፍያ በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ከመሄድ በፊት ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ «እስከዚህ ወር አልልክም፣ ፈቃዴን እስክይዝ ደግሞ ይህን ያህል ብቻ» ብሎ መነጋገር ይከብዳል። ሳይነጋገሩ መሄድ ግን ፈቃዱን ያስቀራል።

ወሎ ላይ ሆኖ የሚያልቀው ሥራ

ወረቀት ከውጭ ሆኖ ማስተካከል ውድ ነው፤ ከደሴ ሆኖ ግን የአንድ ቀን ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ትልቁ ችግር ያለው የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ነው። የተለመደው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «አቶ እገሌ ከመስከረም 1 ቀን 2009 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በጥራት ቁጥጥር ሠራተኛነት በወር ብር ይህን ያህል እየተከፈላቸው የሠሩና የሥራ ግብር የከፈሉ መሆኑን እንገልጻለን።» ለአገር ውስጥ ቅጥር በቂ ነው። ለካናዳ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል፦ የሥራ ዝርዝርና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደተሠራ። ከዚህ የባሰው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ተርጓሚው 2009ን እንዳለ ከተወው፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 የተመረቀ ሰው ከመመረቁ ሰባት ዓመት በፊት ሥራ የጀመረ ይመስላል፤ ፋይሉም በሐሰት ይጠረጠራል። ትክክለኛው ከመስከረም 11 ቀን 2016 እስከ ሐምሌ 7 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ነው። ደብዳቤው ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ቢሰፍር ይመረጣል።

ሁለተኛው ስም ነው። መሐመድ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት ዓይነት መጻፍ ይቻላል፤ ሰይድም እንዲሁ። ዲግሪው በአንዱ፣ ፓስፖርቱ በሌላው ከወጣ ገምጋሚው ሁለት ሰው ነው ሊል ይችላል። ርካሹ መፍትሔ ፓስፖርቱ ሲወጣ የዲግሪውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል መከተል ነው።

ሦስተኛው ትራንስክሪፕት ነው። ብዙ ገምጋሚዎች ስቱደንት ኮፒ አይቀበሉም፤ ሬጅስትራሩ አሽጎ ወይም በቀጥታ የሚልከውን ይፈልጋሉ፣ አመልካቹ የከፈተው ፖስታ ዋጋ የለውም። የወጪ መጋራት ዕዳ ያልተከፈለ እንደሆነ ኦርጅናል ዲግሪው አይሰጥም፤ በቴምፖራሪ ብቻ የቆየ ሰው መጀመሪያ ይህን ይጨርስ። ቅደም ተከተሉም ገንዘብ ነው፦ የኢሲኤ ሪፖርት 5 ዓመት፣ የአይኢኤልቲኤስ ውጤት ግን 2 ዓመት ብቻ ያገለግላል። ስለዚህ መጀመሪያ ማስረጃው፣ ቀጥሎ ፈተናው። ፈተና ቀድሞ የወሰደና ትራንስክሪፕቱ ዓመት የዘገየበት ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ፋይላቸው የወደመባቸው መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች የነበሩ ሰዎች ጉዳይ የተለየ ነው። ድርጅቱ ተዘግቶ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ቢጠፋም፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ መዋጮ የራሱ 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ ጋር በስሙ ገቢ ሲደረግ ቆይቷል። የመዋጮ መዝገቡ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ስቴትመንትና የቀድሞ የቅርብ አለቃ በፊርማ የሚሰጠው ዝርዝር ምስክርነት አንድ ላይ ሲቀርቡ የጠፋውን ደብዳቤ ሊተኩ የሚችሉ ማስረጃዎች ናቸው። ለምን ዋናው ደብዳቤ እንደሌለ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ማብራሪያ ከላይ ይያያዝ። የባንኩ ስቴትመንት ብዙ ጊዜ ቅርንጫፉ ድረስ በአካል ተሄዶ የሚወጣ ስለሆነ ከመነሳት በፊት መያዝ አለበት።